ቱንቢው የት ይውደቅ? የእግር መስመርና የተቀየረ ጉልበት ዕድሜ

የጉልበት መገጣጠሚያቸውን ለማስቀየር የወሰኑ ሰዎች ከሐኪማቸው ፊት ሲቀመጡ፣ ከሕመሙ ቀጥሎ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ "እግሬስ ይቃናል ወይ?" የሚለው ነው። ጥያቄው ለመልክ ብቻ የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን በጉልበት ቅየራ ሙያ ውስጥ ከዚህ በላይ ያከራከረ ጉዳይ ብዙ የለም። ለረጅም ዘመን መልሱ አጭር ነበር፦ አዎ፣ መቃናት አለበት፤ ካልተቃና አይበረክትም። ካለፉት 15 ዓመታት ወዲህ ግን ይህ መልስ ተናግቷል። ዛሬ ሁለት የተመሰከረላቸው ቀዶ ሐኪሞች የአንድን ሰው ራጅ አይተው አጥንቱን በተለያየ ማዕዘን ሊቆርጡት ይችላሉ፤ ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። ማስረጃው ምን እንደሚልና እስከምን እንደሚያስኬድ ማየት የዚህ ጽሑፍ ሥራ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእግር መስመር የሚለካው ታካሚው ቆሞ፣ ከዳሌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በአንድ ላይ በሚነሳ ረጅም ራጅ ነው። ከጭን አጥንት ራስ መሃል ተነስቶ ቁርጭምጭሚት መሃል ላይ የሚያርፍ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ግንበኛ ግድግዳው መቅናቱን ቱንቢ አንጠልጥሎ እንደሚያይ ሁሉ፣ ሐኪሙም ይህ መስመር ጉልበቱን በየት በኩል እንደሚያልፍ ያያል። በጉልበቱ መሃል ካለፈ እግሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ማዕዘኑም 180 ዲግሪ ይባላል፤ ጥመቱ ሲቆጠር ደግሞ ይህ ዜሮ ዲግሪ ነው። ጉልበቱ ወደ ውጭ ጎብጦ መስመሩ በውስጠኛው ጎን ካለፈ ቫረስ፣ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ገብተው እርስ በርስ እየተነካኩ መስመሩ በውጭኛው ጎን ካለፈ ቫልገስ ይሉታል።

ጉዳዩ የሸክም ጉዳይ ነው። እግሩ ቀጥ ያለ ሰው እንኳ ሲራመድ ከግማሽ የሚበልጠው ሸክም የሚያርፈው በጉልበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። እግሩ ወደ ውጭ በጎበጠ ቁጥር ይህ ገጽ ይበልጥ ይጫናል። ሊና ሻርማና ባልደረቦቿ በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ጉልበታቸው መበላት የጀመረ ሰዎች እግራቸው ቫረስ ከሆነ በ18 ወራት ውስጥ የውስጠኛው ገጽ ይበልጥ የመበላቱ ዕድል በአራት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቫልገስ የሆኑት ደግሞ በውጭኛው ገጽ ላይ ከዚህ ባላነሰ ተጎድተዋል። የተጣመመ እግር ጉልበትን ይበላል፤ የተበላው ጉልበት ደግሞ እግሩን ይበልጥ ያጣምመዋል። ይህ አዙሪት ለተፈጥሮ ጉልበት እውነት መሆኑ አላከራከረም። ክርክሩ ከብረትና ከፕላስቲክ ለተሠራው ጉልበትም እንደዚያው እውነት ነው ወይ የሚለው ነው።

በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ማይክል ፍሪማን፣ ኒውዮርክ ውስጥ ጆን ኢንሳል ዛሬ የምናውቀውን የጉልበት ቅየራ ሲያቀኑ፣ ፈርተውት የነበረው የመጀመሪያው ጠላት መላቀቅ ነበር። በቅልጥም አጥንት አናት ላይ በሲሚንቶ የሚጣበቀው ክፍል በአንድ ጎኑ ብቻ ሲጫን ያ ጎን ይሰምጣል፣ ሌላው ጎን ይነሳል፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ሕመምም ይመለሳል። ስለዚህ መፍትሔ ያሉት ሁለቱንም አጥንት ለመስመሩ ቀጤ ነክ አድርጎ መቁረጥና ሸክሙን ለሁለቱ ጎኖች ማካፈል ነው። ይህ መካኒካዊ አሰላለፍ ይባላል። ተፈጥሮ እንዲህ እንዳልሠራችን ያውቁ ነበር። በአብዛኛው ሰው የቅልጥም አጥንት አናት በ3 ዲግሪ ገደማ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ የጭን አጥንቱ ታች ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ሌላው ጎን ያዘነብልና ሁለቱ ይጣጣማሉ። አሜሪካውያኑ ዴቪድ ሀንገርፎርድና ኬኔት ክራኮው በ1980ዎቹ ይህን ዝንባሌ እንጠብቀው ብለው ነበር። ችግሩ መሣሪያው ነው። የዚያ ዘመን መሣሪያ በቀላሉ 3 ዲግሪ ሊስት ይችላል። ዜሮን አልሞ በ3 የሳተ ሐኪም 3 ላይ ያርፋል፤ 3ን አልሞ በ3 የሳተ ግን 6 ላይ ይገኛል። ዜሮ የተመረጠው ከሁሉ የተሻለ ቁጥር መሆኑ ተረጋግጦ አልነበረም። ስሕተትን በይበልጥ የሚችል ዒላማ ስለሆነ ነው። ይህ ነጥብ ቆይቶ ተረሳና ዜሮ የጤና ልክ ተደርጎ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገባ።

ዜሮን ሕግ ካደረጉት ጥናቶች ዋናው በ1991 በእንግሊዝ የወጣው የጄፈሪ፣ የሞሪስና የዴናም ሥራ ነው። ከ1976 እስከ 1981 የተሠሩ 115 ጉልበቶችን በረጅም ራጅ ለክተው፣ መስመሩ በሰው ሠራሹ ጉልበት መካከለኛ ሲሶ ያለፈላቸውንና ያላለፈላቸውን ለዩ። ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ከመጀመሪያዎቹ የተላቀቀው 3 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከሁለተኛዎቹ 24 ከመቶ። ስምንት እጥፍ ልዩነት ነው። ከዚያ በኋላ "ከዜሮ በዚህም በዚያም 3 ዲግሪ" የሚለው ልክ የቀዶ ሐኪሙ መመዘኛ፣ የኩባንያዎችም የመሸጫ ቃል ሆነ። ጥናቱ ግን አንድ የጉልበት ዓይነት ብቻ የፈተሸ፣ የዚያን ዘመን ፕላስቲክና የዚያን ዘመን አገጣጠም የያዘ ነው። ያን ልብ ያለ አንባቢ ጥቂት ነበር።

ለመሆኑ 3 ዲግሪ ምን ያህል ነው? የቅልጥም አጥንት አናት ከጎን እስከ ጎን 70 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በዚህ ስፋት ላይ አንድ ዲግሪ ማለት አንዱ ጠርዝ ከሌላው በ1.2 ሚሊ ሜትር ዝቅ አለ ማለት ነው። ቀዶ ሐኪሞች በብዛት የሚጠቀሙበት የመጋዝ ምላጭ ራሱ 1.27 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። እንግዲህ የምላጭ ውፍረት የምታክል ስሕተት አንድ ዲግሪ ትወስዳለች። ሐኪሙ አጥንቱ ላይ በሚስማር የሚያስረው የመቁረጫ መምሪያ ትንሽ ቢላላ፣ ምላጩ ጠንካራ አጥንት ሲያገኝ ቢጎብጥ፣ ሲሚንቶው በአንድ ጎን ወፍሮ ቢደርቅ፣ በየደረጃው ግማሽ ግማሽ ዲግሪ ይጠራቀማል። የጭን አጥንቱ አቅጣጫ የሚገመተው ደግሞ በአጥንቱ ጉድጓድ ውስጥ በሚገባ ዘንግ ነው፤ አጥንቱ በተፈጥሮው ቀስት ከሆነ ዘንጉ ራሱ ይሳሳታል። በ2007 ሜሰንና ባልደረቦቹ 29 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ፣ በተለመደው መሣሪያ ከተሠሩት ጉልበቶች 31.8 ከመቶው ከ3 ዲግሪው ልክ ውጭ ነበሩ። በኮምፒውተር እየተመሩ ከተሠሩት ግን 9 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በጥሩ እጅ እንኳ ከሦስት አንዱ ገደማ ይስታል ማለት ነው። ሕጉ እውነት ከሆነ ከሦስት ጉልበት አንዱ ቶሎ መላቀቅ ነበረበት፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ የታካሚ መዝገቦች ግን ይህን አያሳዩም። ኢቫንስና ባልደረቦቹ በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ስሌት፣ ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 ከመቶ ገደማው 25 ዓመት ይቆያሉ።

ይህን ተቃርኖ ወደ አደባባይ ያወጣው የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ነው። በ2010 ፓራትና ባልደረቦቹ ከ1985 እስከ 1990 የተሠሩ 398 ጉልበቶችን በ15 ዓመታቸው መዘኑ። በ3 ዲግሪው ልክ ውስጥ ካረፉት 292 ጉልበቶች 15.4 ከመቶው እንደገና ተቀይረዋል፤ ከልኩ ውጭ ከነበሩት 106 ደግሞ 13 ከመቶው። የሳቱት ከተቃኑት አልባሱም፤ እንዲያውም በጥቂት ተሽለው ታዩ። በ20 ዓመት ሲታይም ውጤቱ ያው ሆነ። ጥናቱ በወጣ ጊዜ የተፈጠረው ድንጋጤ ቀላል አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ "የእግር መስመር ለካ ትርጉም የለውም" የሚል ንባብ ተስፋፋ።

ይህ ንባብ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። በጥናቱ ውስጥ ከልኩ የወጡት አብዛኞቹ የወጡት በጥቂት ዲግሪ ነው። ስለዚህ የሚያስተምረን 4 ዲግሪ ከ2 ዲግሪ ያን ያህል እንደማይለይ ነው፤ ስለ 8ና ስለ 10 ዲግሪ የሚነግረን ነገር የለም። በሌላ በኩል ሜሪል ሪተርና ባልደረቦቹ ኢንዲያና ውስጥ ከ6,000 በላይ ጉልበቶችን ተከታትለው፣ ወደ ቫረስ ያመዘኑት በብዛት እንደሚወድቁ አይተዋል። ነገር ግን የውድቀቱ መጠን በጠቅላላው ዝቅተኛ ነበር፦ ለተቃኑት ግማሽ ከመቶ፣ ለቫረሶቹ 1.8 ከመቶ ገደማ። የዚያው ማዕከል ሰዎች በ2004 ያወጡት ሥራ ደግሞ አደጋው የት እንደሚከማች አሳየ። የቅልጥም አጥንቱ ክፍል ለብቻው ከ3 ዲግሪ በላይ ወደ ቫረስ ሲያዘነብል የመውደቅ ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ የታካሚው የሰውነት ክብደት ከፍተኛ ሲሆንም እንዲሁ። የጠቅላላው እግር መስመርና የእያንዳንዱ ክፍል አቀማመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቅልጥም ላይ የተሠራ ስሕተት ጭን ላይ በተሠራ ተቃራኒ ስሕተት ተካክሶ ረጅሙ ራጅ ላይ እግሩ ቀጥ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ወጣት ታካሚዎችን በሚመለከት የአውስትራሊያ ብሔራዊ መዝገብ የሰጠው መረጃም ችላ የሚባል አይደለም። ዕድሜያቸው ከ65 በታች ከሆኑት መካከል በኮምፒውተር እየተመራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደገና የተቀየረላቸው 6.3 ከመቶ ናቸው። ያለ ኮምፒውተር ከተሠራላቸው 7.8 ከመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በብዙ ሺህ ሰው ላይ የታየ ነው። ከዚህ ሁሉ የምወስደው የሚከተለውን ነው፦ የዛሬው ፕላስቲክና የዛሬው አገጣጠም የጥቂት ዲግሪ ስሕተትን ይችላል፤ ከባድ ሰውነት፣ ወጣትነትና የቅልጥሙ ክፍል ዝንባሌ ሲደራረቡ ግን ትዕግሥቱ ያልቃል።

ዜሮን ከሌላ አቅጣጫ የመታው ቤልጂየማዊው ዮሃን ቤለማንስ ነው። በ2012 ያወጣው ሥራ ታካሚ አልያዘም። ከ20 እስከ 27 ዓመት የሆናቸው፣ ጉልበታቸውን አሟቸው የማያውቁ 250 ወጣቶችን ነው የለካው። ከወንዶቹ 32 ከመቶው፣ ከሴቶቹ 17 ከመቶው በተፈጥሯቸው 3 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቫረስ ሆነው ተገኙ። ይህ ማለት ከሦስት ጤነኛ ወንድ አንዱ ገደማ በቀዶ ሐኪሙ መለኪያ "ልክ ያልሆነ" ነው ማለት ነው። ለእንደዚህ ያለ ሰው ዜሮ ከዕድገቱ ጀምሮ ኖሮት የማያውቅ እግር ነው። ዜሮ ላይ ለማድረስ በውስጠኛው ጎን ያሉትን ጅማቶች ማላላት ያስፈልጋል። የጉልበት ስሜትና ሚዛን ደግሞ ያለው ጅማቱ ላይ ነው።

በ2021 የሲድኒው ሳሙኤል ማክዴሲ ከቤለማንስና ከሌሎች ጋር ሆኖ ጉልበቶችን በዘጠኝ ዓይነት የሚከፍል ሠንጠረዥ አወጣ፤ አንዱ መለኪያ ከመበላቱ በፊት የነበረው የእግሩ መስመር፣ ሁለተኛው የመገጣጠሚያው ወለል ዝንባሌ ነው። ከ500 ጤነኛ ጉልበቶች ብዙውን ድርሻ፣ 39 ከመቶ ገደማውን፣ የያዘው እግሩ ቀጥ ያለ፣ የመገጣጠሚያው ወለል ግን ያዘነበለ ዓይነት ነው። እግሩም ቀጥ ያለ፣ ወለሉም ጠፍጣፋ የሆነው፣ መካኒካዊ አሰላለፍ ሁሉንም ሰው ሊያደርስበት የሚሞክረው ዓይነት፣ ከአምስት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ይህ ሠንጠረዥ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ንግግሩን ለማጥራት ይመስለኛል። ቀድሞ "ቀጥ ያለ" እና "ጎባጣ" ከማለት በቀር ቃል አልነበረም።

ከዚህ ሐሳብ ቀድሞ በተግባር የገባ ሰው አለ፤ ካሊፎርኒያዊው ስቴፈን ሀወል። ከ2006 ጀምሮ ያራመደው ኪነማቲካዊ አሰላለፍ የሚባለው መንገድ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የተበላውን ሽፋን በስሌት መልሰህ፣ ከአጥንቱ የምታስገባውን ብረት ውፍረት ያህል ብቻ ቁረጥ፣ ጉልበቱ ከመታመሙ በፊት የነበረበት ቦታ ላይ አስቀምጠው፣ ጅማት አትንካ። እግሩ ቫረስ ከነበረ ቫረስ ሆኖ ይቀራል። ሀወል በ2018 ያወጣው የ10 ዓመት ክትትል ከ222 ጉልበቶች 97.5 ከመቶው እንዳልተቀየሩ ይናገራል። ዜሮን ያልጠበቀ ጉልበት ቶሎ ይላቀቃል ለሚለው ሥጋት ጠንካራ መልስ ነው፤ ግን የአንድ ሐኪም እጅ ውጤት መሆኑን መርሳት የለብንም።

የዚህ መንገድ መነሻ ታሪክ ላይ ጥላ አለ። የመጀመሪያዎቹን የመቁረጫ መምሪያዎች ይሠራ የነበረው ኦቲስሜድ የተባለው ኩባንያ ምርቱን ያለ አሜሪካ የመድኃኒትና የምግብ ባለሥልጣን ፈቃድ በመሸጡ በ2014 ጥፋተኛነቱን አምኖ፣ ከፍትሐ ብሔሩ ስምምነት ጋር ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ሆኗል። ጥፋቱ የኩባንያው ነው፤ የአሰላለፉን ትክክልነት አይሽርም። ሆኖም ቀደምት ሙከራዎች የተሠሩት በእነዚያው መምሪያዎች ስለሆነ፣ አንባቢ ሊያውቀው ይገባል።

በዕጣ ተደልድለው የተሠሩት ሙከራዎች ተከፋፍለዋል። ዶሴትና ባልደረቦቹ በ2014 አሪዞና ውስጥ 88 ታካሚዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው፣ በኪነማቲካዊው መንገድ የተሠራላቸው ሕመማቸው የቀለለ፣ ጉልበታቸውም የበለጠ የሚታጠፍ ሆኖ አገኙ፦ 121 ዲግሪ በ113 ፈንታ። ያን ያህል ዲግሪ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ዝቅ ብሎ ለሚቀመጥ፣ በረከቦት ፊት ዱካ ላይ ቡና ለምታፈላ እናት ግን ትርጉም አለው። ኒውዚላንዳዊው ሳይመን ያንግና ባልደረቦቹ ግን በ2017 በ99 ጉልበቶች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው በሁለት ዓመት ልዩነት አላገኙም፤ በአምስት ዓመትም እንዲሁ። የሁለቱን ውጤት አንዱ ትክክል አንዱ ስሕተት አድርጌ አላነብም። ታካሚዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ሲታዩ አማካይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቤለማንስ እንዳሳየው ደግሞ ብዙ ሰው በተፈጥሮው ለዜሮ ቅርብ ስለሆነ ሁለቱ መንገዶች ለእሱ የሚሰጡት ጉልበት ተቀራራቢ ነው። ልዩነት ካለ የሚገኘው ከዜሮ በራቁት ላይ ነው፤ እነሱን ለይቶ የሚፈትን ትልቅ ሙከራ ያስፈልጋል። እስከዚያው የሞንትሪያሉ ፓስካል አንድሬ ቫንዲቶሊ የያዘው መካከለኛ መንገድ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳምን ነው። የታካሚውን ተፈጥሮ ጠብቅ፣ ግን ጠቅላላው መስመር ከዜሮ ከ3 ዲግሪ፣ እያንዳንዱ አጥንት ደግሞ ከ5 ዲግሪ በላይ እንዲርቅ አትፍቀድ ይላል። በተፈጥሮው 10 ዲግሪ የጎበጠን እግር 10 ዲግሪ ላይ መተው ደህና መሆኑን ያሳየ የረጅም ዘመን ማስረጃ የለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከፊት ስለሚታየው መስመር ነው። ክርክሩም ገንዘቡም የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው፤ ጉልበት ግን በራጅ ላይ የማይታይ ሌላ አቅጣጫ አለው፤ ዙር። የጭኑ ወይም የቅልጥሙ ክፍል በራሱ ዘንግ ዙሪያ ወደ ውስጥ ዞሮ ከተጣበቀ፣ ከፊት ያለችው የጉልበት ሎሚ ከሐዲዷ ትወጣለች። ሪቻርድ በርገር በ1998 በሲቲ ስካን ያደረገው መለኪያ ይህን በደንብ ያሳያል። የሁለቱ ክፍሎች የውስጥ ዙር ድምር ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሲሆን ሎሚዋ ዘንበል ትላለች፤ ከ3 እስከ 8 ሲሆን በከፊል ትወጣለች፤ ከ7 እስከ 17 ሲደርስ ጨርሳ ትወልቃለች ወይም የተተካላት ክፍል ይወድቃል። ዲግሪው ሲጨምር ጉዳቱ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ማየት በዚህ ሙያ ብርቅ ነው። እግሩ በረጅሙ ራጅ ላይ ቀጥ ብሎ ሳለ ደረጃ መውረድ የሚያሰቃየው፣ ከወንበር ሲነሳ ጉልበቱን ከፊት የሚይዘው ታካሚ "ራጁ ደህና ነው" ተብሎ ሲመለስ፣ ሲቲ ስካን መጠየቅ መብቱ ነው። ከፊት በሚታየው መስመር ላይ በሚደረገው ሙግት ይህ መረሳቱ ያሳዝነኛል።

ሌላው የመስመር ክርክር የሸፈነው እውነት የእርካታ ጉዳይ ነው። በርንና ባልደረቦቹ በ2010 ኦንታሪዮ ውስጥ 1,703 ታካሚዎችን ጠይቀው፣ ከአምስት አንዱ ገደማ፣ 19 ከመቶ፣ በተቀየረ ጉልበቱ እንዳልረካ አገኙ። ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምክንያት ታካሚው የጠበቀውን አለማግኘቱ ነበር። ጉልበት ቅየራ ሕመምን በእጅጉ ይቀንሳል። እንደ ወጣት ጉልበት ግን አይሆንም። በተቀየረ ጉልበት ተንበርክኮ መቆየት ለብዙዎች አስቸጋሪ እንደሚሆን ቀድሞ ያልተነገረው፣ ስግደት የዕለት ተዕለት ኑሮው የሆነ ሰው፣ አጥንቱ በየትኛውም ማዕዘን ቢቆረጥ ያዝናል። የመስመሩ ክርክር ይህን 19 ከመቶ በሙሉ ያስረዳል የሚል ሰው ካለ ከማስረጃው በላይ ሄዷል።

ሮቦቱስ? ዛሬ ብዙ ሆስፒታሎች ሮቦት በመያዛቸው ታካሚ ይስባሉ። ሮቦት የሚሠራው ሐኪሙ የመረጠውን ማዕዘን በትክክል መቁረጥ ነው፤ የትኛው ማዕዘን እንደሚሻል አይነግረውም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኪም ያንግ ሁና ባልደረቦቹ በዕጣ በተደለደሉ ከሺህ በላይ ታካሚዎች ላይ ያደረጉት፣ ከ10 ዓመት በላይ የዘለቀ ሙከራ በ2020 ሲወጣ፣ በሮቦት የተሠራውና በእጅ የተሠራው ጉልበት በሥራውም በቆይታውም አልተለያዩም፤ ከሁለቱም 98 ከመቶው እስከ 15 ዓመት እንደገና አልተቀየሩም። መሣሪያው የዚያን ዘመን ነው፤ የዛሬዎቹ ጅማቱን እየለኩ ማስተካከል ይችላሉ። ቢሆንም በልምድ የዳበረ እጅ ያለ ሮቦት የሠራው ጉልበት የሁለተኛ ደረጃ ሥራ አይደለም።

ጉዳዩ ወደ እኛ ሲመጣ መልኩ ይለወጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጥናቶች የታየው አብዛኛው ታካሚ ከዜሮ በጥቂት ዲግሪ የራቀ ነው። በአገራችን ግን ጉልበት ቅየራ የሚሠራበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ፣ ሕመሙን ዓመታት ችሎ፣ እግሩ በጣም ተጣሞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። መነሻውም ሁልጊዜ የዕድሜ መበላት አይደለም። በ1997 ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቹ ላንሴት ላይ ባወጡት ጥናት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች ይዟቸው ከመጡ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። ሪኬትስ በአብዛኛው ፀሐይ ካለማግኘት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ነው፤ ካልታከመ እግርን አጉብጦ ያሳድጋል። በስምጥ ሸለቆም ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሰዎች አጥንታቸው ይጎዳል። በእነዚህ ምክንያቶች የጎበጠ እግር ሲያረጅ ወደ ሐኪም የሚቀርበው ችግር በቤለማንስ ወጣቶች ላይ ከታየው የተፈጥሮ ጉብጠት የተለየ ነው። የተጣመመው መገጣጠሚያው ራሱ ሳይሆን ከሱ በላይ ወይም በታች ያለው አጥንት ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ቆርጦ ማቃናት ጅማቱን ያዛባል፤ አንዳንድ ጊዜ አጥንቱን በጎበጠበት ቦታ ሰብሮ ማቃናት ይቀድማል ወይም አብሮ ይሠራል። ይህን የሚያሳየው ረጅሙ ራጅ ብቻ ነው፤ ጉልበት ላይ ብቻ ያተኮረ አጭር ራጅ ይደብቀዋል።

በጣም የተጣመመን እግር ማቃናት የራሱ ዋጋ አለው። ብዙ ዓመት ቫልገስ የሆነ፣ በዚያ ላይም መዘርጋት ያቃተው ጉልበት በአንድ ቀን ሲቃና፣ በጉልበቱ ውጭኛ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ይወጠራል፤ አንዳንዴ ታካሚው ከሰመመን ሲነቃ የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ማንሳት ያቅተዋል። አብዛኛው በጊዜ ይሻላል፤ ሆኖም ታካሚው ይህን ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ በፊት መስማት አለበት። በሌላ በኩል ብዙ ዓመት ለጎበጠ ጉልበት ተስማምቶ የኖረ ቁርጭምጭሚት ከላዩ እግሩ ሲቃናበት መታመም ሊጀምር ይችላል። ለእንዲህ ያለ ታካሚ ዜሮ ላይ ለማድረስ ጅማት እስኪያልቅ ከማላላት፣ ጥቂት ዲግሪ ቫረስ ላይ መተው ይሻላል የሚለውን አቋም የቤለማንስ ቡድን በኋላ ያወጣው ሥራ ይደግፈዋል፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ።

ጉልበቱን ለማስቀየር ወደ ህንድ ወይም ወደ ታይላንድ የሚሄድ፣ ወይም በአሜሪካና በእስራኤል የሚኖር ወገናችን ሐኪሙን ሊጠይቅ የሚገባው "በሮቦት ነው የምትሠራው?" ሳይሆን እነዚህን ነው፦ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ቆሜ የተነሳሁት ራጅ አለ? መስመሬ አሁን ስንት ዲግሪ ነው? ከመታመሜ በፊትስ ስንት ነበር ብለው ይገምታሉ? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስንት እንዲሆን ነው ያሰቡት፣ ለምንስ? መልሱ ዜሮም ሆነ 3 ዲግሪ፣ ምክንያቱን አስረድቶ የሚመልስ ሐኪም ጉዳዩን አስቦበታል። ከሆስፒታሉ ሲወጡም ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሱትን ረጅም ራጆች፣ የተገጠመውን ጉልበት ስምና መጠን የሚገልጸውን ካርድ ጨምረው ይዘው ይመለሱ። ከ15 ዓመት በኋላ ያ ጉልበት ቢያመው የሚያየው ሌላ ሐኪም፣ ምናልባትም በሌላ አገር ያለ ሐኪም ነው፤ ክፍሉ ከተጣበቀበት ቦታ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ የሚያውቀው ከእነዚያ ራጆች ጋር አስተያይቶ ነው።